አርፍዶ ደጋን የደረሰ ሽምግልና

የወንድሜ ልጅ ሰርጓን የት ማድረግ እንደምትፈልግ የነገረችኝ ደሴ ፒያሳ ካፌ ተቀምጠን ነው። ስልኳን አዞረችልኝ። ፎቶው ላይ ቬሎ የለበሰች ፈረንጅ በወይን ተክል ረድፎች መካከል ቆማለች። ከኋላዋ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታውም ወይን ነው።

«እንዲህ ነው የምፈልገው» አለች። «የማይረሳ ሰርግ። በወይን አገር።»

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነው። የማሽላ፣ የጤፍ፣ የብርቱካንና የአንበጣ ዜና ሠርቻለሁ። የወይን ዜና ሠርቼ አላውቅም። ስለዚህ በደቡብ ወሎ የወይን አገር የሚባል ቦታ እንደሌለ ነገርኳት።

«የአባባ ግቢ አለ» አለች።

አባባ የምትለው የእናቷን አባት ነው። የሚኖሩት ደጋን ነው፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ መንገድ ዳር ባለች ሞቃታማ ከተማ። መካ ደርሰው ስለተመለሱ አገሩ ሐጂ ይላቸዋል። ግቢያቸው ውስጥ በብረት ቱቦና በባሕር ዛፍ አጣና ላይ የተዘረጋ ወይን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ከእኛ ወገን ያየው ሰው አልነበረም።

«ስንት ሐረግ ነው?»

«አራት።»

«አራት ሐረግ አገር አይባልም።»

«አክስቴ፣ ዋናው እኮ ወይኑ አይደለም» አለችና ስልኳን በፊቱ ደፋችው። «አባባ እንዲመርቀኝ ነው የምፈልገው። አባዬ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ። ሰርጉን ሌላ ቦታ ካደረግነው አባባ አይመጣም። በገዛ ግቢው ከሆነ ግን የት ይሄዳል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሚስቱን ሲያገባ ሐጂ ሰርጉ ላይ አልተገኙም፤ አልመረቁምም። ልጃቸው ለዒድ ስትመጣ ይቀበሏታል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ክረምት ክረምት እያስመጡ ያከርሟቸዋል። የልጃቸውን ቤት ግን ረግጠው አያውቁም። ወንድሜም በደጋን በኩል በአውቶቡስ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራል። እሳቸው «ያ መምህር» ይሉታል፤ እሱ «ሰውዬው» ይላቸዋል።

በዚህ ይበልጥ የተጎዳችው የወንድሜ ሚስት ናት። ቤቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን አትፈልግም፤ ታውቀዋለች። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ወጡ ሲያር፣ የልጅ ውጤት ሲቀንስ «ምን ይደረግ፣ ያልተመረቀ ትዳር» ትላለች። ዋናው ማስረጃዋ ፍሪጁ ነው። በተገዛ በሳምንቱ የቆመ፣ ከዚያ ወዲህም ደስ ሲለው ብቻ የሚሠራ ፍሪጅ ነው። ወንድሜ መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው ይላታል። እሷ ጎረቤቶቻችንም የሚጠቀሙት በዚሁ መብራት ነው ትለዋለች። ይህን ክርክር ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ ከሁለቱም ወገን አዲስ ነገር ቀርቦ አያውቅም።

«እኔ እንደ እማዬ መኖር አልፈልግም» አለች የወንድሜ ልጅ። «ፍሪጅ ስገዛ ፍሪጅ ብቻ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው።»

ሐጂ ለምን እንደቀሩ ሁላችንም የምናውቅ ይመስለን ነበር። እኛ ክርስቲያን ነን፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። በወሎ እንዲህ ያለ ጋብቻ ብርቅ አይደለም፤ ቅር የሚለው ሰው ግን አይጠፋም። ወንድሜ ይህን ምክንያት እንደ ማዕረግ ተሸክሞት ነው የኖረው። ስለ እምነቱ የተገፋ ሰው ነበር።

ሐጂን እንዳነጋግር እኔ ተመረጥኩ። ሰው መጠየቅ ሥራዋ ነው ተባለ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን በስልክ አጣርቼ ጠዋት ተነሳሁ። ይህን ማጣራት አሁን ጫማ እንደ ማድረግ ሆኗል። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሹራቤን አወለቅሁ። ደጋን ስደርስ ነጠላዬንም አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ደሴና ደጋን በኪሎ ሜትር ቅርብ ናቸው፤ በልብስ ግን ይራራቃሉ።

የሐጂ ግቢ በር ክፍት ነበር። ወይኑም እውነት ነው። ከበሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ጥላው ደሴን ያስታውሳል። ፍሬው ግን ተለቅሞ አልቋል። ከቤቱ ጎን ቆርቆሮ ላይ የወይን ፍሬ ተሰጥቶ እየደረቀ ነው። ሐጂ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጭራ ዝንብ ያባርራሉ። ማን መሆኔን ስነግራቸው ተነስተው በርጩማቸውን ሰጡኝ፤ ለራሳቸው ሌላ አስመጡ።

ጉዳዩን ከሩቅ ለመጀመር ብዬ «ዘቢቡ ለገበያ ነው?» አልኳቸው።

«ለቤተ ክርስቲያኑ ነው» አሉ። «ለቅዳሴያቸው ይፈልጉታል። ዘንድሮ ወፍ ጨረሰብኝ እንጂ አምና ደህና አድርጌ ነበር የላክሁላቸው።»

እዚህ ላይ ሐሳቤ ቆመ። በክርስቲያን ቅር የተሰኘ ሰው በየዓመቱ ለቅዳሴ ዘቢብ አድርቆ አይልክም። ሁለቱ መረጃዎች አብረው አይሄዱም። ዙሪያ ጥምጥሙን ተውኩት።

«ሐጂ፣ የልጅ ልጅዎ ልታገባ ነው። ሰርጓን እዚህ፣ ወይኑ ሥር ማድረግ ትፈልጋለች።»

«አልሐምዱሊላህ። የኮምቦልቻው ልጅ ነው አይደል? ይዛው መጥታ አይቼዋለሁ፤ ደህና ልጅ ነው። ግቢው የሷ ነው፣ እንደፈለገች ታድርግ።» ጭራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «የሚድራት ማን ነው?»

«አባቷ።»

«አባቷ ማን ነው?»

«ወንድሜ ነዋ፣ ሐጂ።»

«ወንድምሽ የማን ባል ነው?»

«የልጅዎ።»

«ልጄ አግብታለች እንዴ?»

ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። አንድ ዝንብ አባረሩ።

«ሐጂ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት እኮ።»

«ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን ግን ልጅህን ስጠን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌ አልመጣብኝም። ያልሰጠኋትን ልጅ እንዴት ብዬ አግብታለች እላለሁ? ወላሂ፣ ዶሮ እንኳ ሲወሰድ ባለቤቱ ይጠየቃል።»

«ክርስቲያን ስለሆነ አይደለም?»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው እኔን ጠይቆኛል?»

አልጠየቃቸውም። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ሁሉም አውቀዋለሁ በሚለው ነገር ላይ ባለጉዳዩን የሚጠይቅ አይገኝም።

የሆነውን ነገሩኝ። ልጃቸው ለትምህርት ደሴ፣ ታላቅ ወንድማቸው ቤት ነበረች። የወንድሜ ሽማግሌዎች የሄዱት እዚያ ነው። ታላቅ ወንድምየው ምሳ አብልተው እሺ ብለው ላኳቸው። ሐጂ ነገሩን የሰሙት፣ ለሰርጉ ስንት ፍየል እንደሚነዱ የሚጠይቅ ሰው ደጋን ድረስ ሲላክባቸው ነው።

«ለፍየሉ ደጋንን አገኟት» አሉ።

«እና አሁን ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል ይባላል? ልጅቱን የሚፈልጋት ካለ ደንቡን ያውቀዋል። በሬ ክፍት ነው።»

ከአንድ ሰው የሰማሁትን ሳላጣራ አልቀበልም። የሐጂ ታላቅ ወንድም በሕይወት የሉም። ስለዚህ ደሴ ስመለስ ቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። የሒሳብ መምህር ነው፤ የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር።

«ያኔ ሽማግሌዎቹን ለምን ደጋን አልላክሃቸውም?»

አሰበ። «መኪና አጥተው ነው» አለ።

«ምን?»

«ዝናብ ነበር። ሐረጎ ላይ ናዳ ወርዶ መኪና ቆሟል። መናኸሪያ ሲንጠባጠቡ ቆይተው፣ አንደኛው ‹ታላቅ ወንድሙ እዚሁ ደሴ አይደል? ልጅቱም ያለችው እዚያ ነው፤ ያው አንድ ደም ናቸው› አለ። ሄዱ። እሺ ተባሉ። እኔ እሺ መባሌን እንጂ ማን እሺ እንዳለ ምን አገባኝ?»

ሐጂ ያሉትን ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ግድግዳውን አየ። በእምነቱ መገፋትን ለምዶት ነበር፤ ኮርቶበትም ነበር። በመኪና እጦት መገፋት ግን ምንም ክብር የለውም።

«አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ልልክ ነው? ጡረታ ልወጣ እኮ ነው!»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች። ፍሪጁን አንድ ጊዜ ገልመጥ አደረገችው።

«ትልካለህ» አለች።

ሽማግሌዎች ከጎረቤት ተመረጡ። አንደኛው ጡረታ የወጡ ቄስ ናቸው። ሁለተኛው ፒያሳ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ልብስ ሰፊ ናቸው። በእኛ ሰፈር ሽምግልና ሲባል ሁለቱም ወገን ካልኖረበት ጎዶሎ ነው የሚመስለው። ቀጠሮው በስልክ ተያዘ፤ ሐጂ ግን አንድ ነገር አከሉ። ልጅ የምትጠየቀው ከአባቷ ቤት ነው፤ ስለዚህ ልጅቱ ትምጣ።

የወንድሜ ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ደጋን ወረደች። ባሏም ደሴ ቀረ። ለማግባት እየጠየቀ ያለ ሰው ልጅቱ ቤት አይሄድም፤ ደውሎም አያወራትም። ጨው የት እንዳለ ሊጠይቃት ቢፈልግ እንኳ በእኔ በኩል ነበር።

ጊዜ አልነበረንም። ሰርጉ ጥር ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተያይዘው ይገባሉ። የግብዣ ካርዱም ማተሚያ ቤት ነው። ካርዱ ላይ የሙሽራዋ ወላጆች ተብለው የሚጻፉት ሰዎች ገና አልተጋቡም።

በቀጠሮው ቀን እኔ ከወንድሜ ሚስት ጋር በጎን ባለው ክፍል ሽንኩርት እየላጥን ተቀመጥን፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ወይኑ ሥር ቆመዋል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ሐጂ።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

«እሰማለሁ፤ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ቄሱ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጀመሩ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቁ። ያኔ ዝናብ እንደነበር፣ ሐረጎ ላይ ናዳ እንደወረደ፣ መኪና እንዳልተገኘ በዝርዝር ተናገሩ። ሐጂ ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ዘመድ አለኝ፤ ላማክር» አሉ በመጨረሻ። «በሌላ ቀን ተመለሱ።»

ደንቡ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት ልጁን የናቀ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ወጡ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ «ሃያ ዓመት ሙሉ አላማከረም እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። ቄሱ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጥያቄ ተጀመረ።

«ልጁ ዕድሜው እንዴት ነው?»

«በሰል ያለ ነው» አሉ ቄሱ።

«ሥራስ አለው?»

«መምህር ነው።»

«በሥራው ይቀጥላል?»

ልብስ ሰፊው «ኢንሻአላህ፣ ጡረታው ደርሷል» አሉ።

«ከዚህ በፊት አግብቷል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አግብቷል» አሉ ቄሱ።

«ማንን?»

«ልጅዎን።»

«እሷን እኮ አልሰጠሁትም። እንግዲያውስ አላገባም በሉ።»

«አላገባም» አሉ ቄሱ፤ ወዲያው አማተቡ።

«ልጆች አሉት?»

«አሉት» አሉ ልብስ ሰፊው ፈጠን ብለው። «ግን ጨዋ ልጆች ናቸው ሐጂ፤ የእንጀራ እናት አያስቸግሩም።»

የወንድሜ ሚስት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትንፈራፈራለች። እንባዋ የሳቅ ይሁን የሽንኩርት አላውቅም። ድንገት ከውጭ ስሟ ተጠራ። ሳቋ ቆመ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

«እነዚህ ሰዎች አንቺን ፈልገው መጥተዋል» አሉ አባቷ። «ሰውዬው መምህር ነው፤ ሲናገሩለት እንደሰማሁት ደህና ሰው ነው። አንቺስ ትፈልጊዋለሽ? ግድ የለብሽም።»

ሁላችንም የጠበቅነው አንድ ቃል ነው። ቄሱ ለመመረቅ እጃቸውን አዘጋጅተዋል።

«ላስብበት» አለች።

ልብስ ሰፊው ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ልጄ፣ ሰርጉ እኮ...»

«ልጅቱ ላስብ ብላለች» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ያለ መሰለኝ። «በሌላ ቀን ተመለሱ።»

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ያዝኳት። «ምን ነካሽ? የልጅሽ ሰርግ እኮ ነው የቆመው!»

ቢላዋዋን አንስታ ሽንኩርቷን ቀጠለች። «ያኔ የጠየቀኝ የለም» አለች። «ወንድምሽን እወደው ነበር። አጎቴም መውደዴን ያውቁ ነበር። ግን ትፈልጊዋለሽ ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም። እሺ ተብሏል ተባልኩ። ዛሬ አባቴ ጠየቀኝ። በአንድ ቃል ልጨርሰው?»

«እሱን ምን ልበለው?»

«የሆነውን ንገሪው። ጋዜጠኛ አይደለሽ?»

ደወልኩለት።

«ላስብበት ብላለች» አልኩት።

«ማን?»

«ሚስትህ።»

«ምኑን ነው የምታስበው?» አለ።

ይህንኑ እሷን ጠየቅኳት። ያንኮራፋል አለች። ሲናገሩት ጋዜጣውን ከፊቱ አያወርድም። የበላበትን አያነሳም። ከእኔ እናት ጋር አንድ ቀን ተጣልታ እሱ ዝም ብሏል። ይህን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ ደግሞ፣ ልጃቸው በታመመች ጊዜ ሆስፒታል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያደረውን አነሳች። ሁለቱንም ወገን ነበር የምታቀርበው። ሚዛናዊ ዘገባ ነው ማለት እችላለሁ።

የወንድሜ ልጅ ለሰርጉ ዝግጅት ከወረደችበት ከኮምቦልቻ በየጊዜው ትደውላለች። «እማዬ ማሰቧን የምትጨርሰው መቼ ነው? ዲኮሩ ቀብድ ይፈልጋል፣ ማተሚያ ቤቱ ይጮሃል!»

«አንቺን አባትሽ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቆሻል?» አለቻት እናቷ።

«አዎ።»

«እንግዲያው የኔን ጊዜ አትሻሚኝ።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሲጓተት አንድ ቀን፣ እኔም ደጋን ሳለሁ፣ ቀትር ላይ ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ «ከመንገድ ማዶ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አንድ ሰው አለ» አሉን። «ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። ሹራብ ለብሷል።»

በደጋን ፀሐይ ሹራብ የሚለብስ ሰው ከየት እንደመጣ አያጠራጥርም። ከወንድሜ ሚስት ጋር በበሩ ክፍተት ተመለከትን። ወንድሜ ነው። እሷ የሠራችለትን ግራጫ የሱፍ ሹራብ እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ ትኩስ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ላቡ ከርቀት ያበራል።

መንገዱን ተሻገርኩ።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ጠያቂው ራሱ ይመጣል እንዴ?»

«ልግባ አላልኩም። ሻይ ነው የምጠጣው።»

«ታዲያ ሹራቡን አውልቀዋ፣ ልትሞት ነው።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

ግራና ቀኝ አየ። «ሸሚዙ አልተተኮሰም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካውያው የት እንዳለ አላውቅም። ያንቺ ስልክ ደግሞ አይሠራም ነበር።»

ተመልሼ የሆነውን ነገርኳት። ሸሚዙን ስሰማ ሳይሆን ሻይ ቤቱ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጡን ሳጣራ ነበር እኔ የገረመኝ፤ በትምህርት ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። እሷን ግን የያዛት ሸሚዙ ነው። በሩን ተደግፋ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ አባቷ ፊት ሄደች።

«አባ፣ አስቤያለሁ» አለች። «እፈልገዋለሁ። ስጡኝ።»

ሐጂ በሩ ድረስ ሄደው የመንገዱን ማዶ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ከደሴ እዚህ ድረስ መኪና አገኘ ማለት ነው» አሉ።

«አግኝቷል፣ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሽማግሌዎቹ ይጠሩና ነገሩ በወጉ ይለቅ። እሱን ግን አሁኑኑ ግባ በሉት። ሹራቡንም ያውልቅ፤ ቤቴ ሰው አይሞትም።»

ወንድሜ በተጨማደደ ሸሚዝ ገብቶ ጉልበት ሳመ። ሐጂ ከትከሻው ይዘው አነሱትና ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ለካ ሚስት ያስፈልግሃል» አሉት።

ሰርጉ በጥር ሆነ። የሙሽራው ቤተሰቦች የኮምቦልቻ ጴንጤዎች ናቸው፤ ጋብቻው ጠዋት በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። በዚህ ጉዳይ በእኛ በኩል የተባለውን አልጽፍም፤ ረጅም ነው። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ደጋን ወረድን። ምግቡ እንደ አገሩ ልማድ በሁለት ዳስ ነው፤ የእስላም ሥጋ በአንዱ፣ የክርስቲያን ሥጋ በሌላው። መጠጡ ግን አንድ ሆነ። ሐጂ ግቢ የሚያሰክር ነገር አይገባም፤ የሙሽራው ወገኖችም አይጠጡም። ከደሴ የመጡት አንድ አጎታችን ወይኑ ሥር ተቀምጠው ብርሌ ሲቀርብላቸው ቀምሰው አስቀመጡት።

«የወይን አገር ብላችሁ ጠርታችሁኝ ብርዝ ታጠጡኛላችሁ?»

«ማር ነው ጋሼ፣ ለጤና ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ጤነኛ ነኝ» አሉ።

በጥር ወይኑ ላይ የቀረው ቅጠል ብቻ ነው። ዲኮር ሠሪዋ ይህን አስቀድማ አይታ ከኮምቦልቻ የፕላስቲክ ወይን አምጥታ በየአጣናው ሰቅላለች። ሐጂ አንዱን ዘለላ በጣታቸው ጨመቅ አድርገው መረመሩ።

«ይሄ መቼ ነው የሚደርሰው?» አሏት።

«አይደርስም ሐጂ። ለጌጥ ነው።»

«ወፍስ አይበላውም?»

«አይበላውም።»

«እንግዲያው ስትሄጂ አንድ ሁለቱን ተይልኝ። ወፉን ላታልልበት።»

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ ወደፊት ወጡ። ሐጂ ቆሙና በእጃቸው አስቆሟቸው።

«በተራ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ቀድመው የጠየቁት።»

ወንድሜና ሚስቱ ተጠርተው ፊታቸው ቆሙ። ልጃቸው ቬሎዋን ይዛ ከኋላ ተራዋን ጠበቀች። ፎቶ አንሺው ግራ ተጋባ፤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ፣ ሙሽሮቹ የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። ሁሉንም አንሳ አልኩት።

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። እኛም ሁላችን መዳፋችንን ዘረጋን።

«ውለዱ» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ሁለቱን አዩአቸው። «እሱስ አልፏል። ክበዱ።»

«አሚን» አልን።

«ቤታችሁን አላህ ያቁመው። የያዛችሁት ይበርክት፤ የጎደለው ይሙላ።»

«አሚን።»

የወንድሜ ሚስት አላለቀሰችም። መዳፏን እንደዘረጋች አንድ ቃል እንዳያመልጣት ጆሮዋን ወደ አባቷ አዘንብላ ትሰማ ነበር። ቀጥሎ ልጇ ተመረቀች፤ እሷ ላይ ሐጂ «ውለዱ» የሚለውን ሳያቋርጡ ጨረሱት። ወንድሜ ሐጂ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንድሜ ቤት ስሄድ ፍሪጁ ቆሞ አገኘሁት። የወንድሜ ሚስት ፊት ለፊቱ ቆማለች። አፏን ከፈተች፤ እንደ ወትሮው የምትለውን ፈለገች፤ አጣችው።

«ባለሙያ ይጠራ» አለች።

ባለሙያው መጣ። ፍሪጁን አዙሮ ከኋላው ከፈተና አንዲት ገመድ አወጣ። ከመጀመሪያውም በደንብ አልታሰረችም ነበር አለ። አስሮ ሰካው። ፍሪጁ ተነሳ፤ እስካሁንም አልቆመም።

ወንድሜ እንዲህ ያለ ቀን ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል። «አላልኩሽም? የኤሌክትሪክ ነገር ነው አላልኩሽም?»

«ብለሃል» አለች ሚስቱ፤ ውስጡን እየወለወለች። «ያኔ ብናሠራው ግን አይሠራም ነበር።»

ይህን የማጣራበት መንገድ አላገኘሁም።